አባቴ ብረት ያነሳበት ዓመት

ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ወጣቶች ብረት የሚያነሱበት ጂም ተከፍቷል፤ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ብረቱ መሬት ላይ ዱብ ሲል፣ ቀጥሎም አንዱ ትንፋሹን እያስወጣ «ሰባት፣ ስምንት» እያለ ሲቆጥር እሰማለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በጩኸቱ ይማረራል፤ እኔ ግን የያዝኩትን አስቀምጬ እቆማለሁ፣ የሚሰማኝ የአባቴ ድምፅ ነውና። አባቴ የሚቆጥረው በግእዝ ነበር፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ። ቄስ ብረት ሲያነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፣ ባላየሁ ያልኩበት ቀንም ብዙ ነው።

ያኔ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበር። አባቴን ቄስ አዱኛውን ሰው ሁሉ አንቱ ይለው ነበር፤ እኔ ግን ብቸኛ ልጁ ስለነበርኩ አንተ እለው ነበር፣ በዚህም እማዬ ስትቆጣኝ እሱ ይስቅ ነበር። ረጅም፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር፤ በየዓመቱ በጥምቀት ታቦቱን ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ ደብሩ የሚመልሰውም እሱ ነበር። ታቦት በራስ ተሸክሞ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ ደግፎ፣ በሕዝብ መሐል ያንን ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም፤ ወጣት ቄሶች እንኳ እየተቀባበሉ ነው የሚሸከሙት። እሱ ግን ለማንም ሳይሰጥ ያደርሰው ነበር። እኔማ ተዉት፣ በዚያ ቀን ኩራቴ ሌላ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ዝናቡ ከጮቄ ተራራ በኩል ተግተልትሎ መጥቶ አንዴ ከያዘ ሳያባራ ይውል ነበር፤ ከነዚያ ቀናት በአንዱ አባባ ጥምጥሙን ሲጠመጥም ከጆሮው ሥር ጠጠር የመሰለ ነገር በጣቱ ዳሰሰና «ብርድ ነው» ብሎ ናቀው። ሐምሌ ላይ ባቄላ አከለ፣ ነሐሴ ላይ ድንች አከለ። በፍልሰታ ሲቀድስ ድምፁ መሐል ላይ ይቆረጥ ጀመር። ሊጠይቁት የሚመጡ ሴቶች ከበር ሲወጡ እየተንሾካሾኩ ይሄዱ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብለው ራሴን ይዳብሱኝ ነበር። ራሴን የሚዳብሰኝ ሰው በበዛ ቁጥር ፍርሃቴ ይጨምር ነበር።

መስከረም ሲጠባ የእናቴ ወንድም አጎቴ ደሳለኝ አባባን ይዞት አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለሱ ደሳለኝ እማዬን ወደ ጓሮ ጠርቶ «ካንሰር ነው ብለዋል» ሲላት ከድንቹ መደብ መሐል ሆኜ ሰማሁ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ እማዬ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ስትጭን ግን ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ በአውቶቡስ ዐባይን ተሻግሮ እየሄደ በደም ሥሩ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ይወስድ ነበር። እብጠቱ ጎደለ፤ ግን አባባም አብሮ ጎደለ። ጺሙ ጋቢው ላይ ይረግፍ ነበር፤ ጺም የሌለው ቄስ በመንገድ ሲያልፍ መስቀል የሚሳለሙት ሰዎች ቀና ብለው እንዳያዩት ሲጠነቀቁ አይ ነበር። አፉ የምግብ ጣዕም አልለይ አለ፤ ጨውም ማርም ያው መሬት መሬት ነው የሚለኝ ይል ነበር። አንድ ቀን ትንሿን የውሃ ጀሪካን ከደጃፍ ሊያስገባ አንስቶ መሐል ቤት ሲደርስ ለቀቃት። ውሃው ሲፈስ ሁለታችንም ቆመን አየነው።

«እንግዲህ ጥምቀትስ?» አለ፣ ለራሱ።

ሐኪሙ ግን ተኝቶ መዋልን ከልክሎት ነበር። «ጡንቻዎ እያለቀ ነው፤ ቀላል ነገር እያነሱ ይለማመዱ። እንቁላል ይብሉ፣ ሥጋ ይብሉ፤ ደምዎ ከወረደ መድኃኒቱን መስጠት አንችልም» ብሎታል። ደሳለኝ ግንበኛ ነበርና በማግስቱ ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ የውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ሲደርቅ ተሸክሞት መጣ።

«በሉ ቄሱ፣ ስፖርተኛ ላደርግዎት ነው» አለው።

«ኧረ በስመ አብ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ጓሮ ማን ያይዎታል? ዶሮዎቹ አይናገሩ!»

መጀመሪያ ቀን ከጉልበቱ አላለፈም። በሳምንቱ ደረቱ ላይ አደረሰው። ከዚያ ወደ ላይ መግፋት ጀመረ፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል። አሐዱ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሠለስቱ ላይ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ አርባዕቱ ላይ ፊቱ አመድ ይመስላል። ደሳለኝ አንድ ቀን «ለጥምቀቱ እንዲሆንዎ ራስዎ ላይ አድርገው ይራመዱበት» ቢለው አባባ ብረቱን ጥሎ ተቆጣ። «ታቦት የሚያርፍበት ቦታ መሆኑን ታውቃለህ፤ ቆርቆሮ ላስቀምጥበት?» አለው። ደሳለኝም ሁለተኛ አላነሳውም።

ለምን እንዲህ እንደሚደክም አንድ ቀን ነገረኝ። «ትርንጎ፣ ዘንድሮ ታቦቱን ከተሸከምኩ እድናለሁ። ልቤ ነግሮኛል» አለኝ። ካልተሸከምክስ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጾመ ነቢያት ገባ። ጭንቁም ከዚያ ጀመረ። የነፍስ አባቱ መጥተው «ለበሽተኛ ተፈቅዷል፤ ይብሉ። ግን ከበሉ ዘንድሮ ከአገልግሎት ይረፉ» አሉት። ብረቱን ለማንሳት መብላት አለበት፤ ከበላ ደግሞ ታቦቱን አይሸከምም። አባባ አንድ ቀን እንኳ አላመነታም፣ «እጾማለሁ» አለ። ከመድኃኒቱ በኋላ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ የጉንጩ አጥንት ወጥቶ፣ ሽሮ በሁለት ጉርሻ ሲገፋ እማዬ «ኧረ ይብሉ እንጂ፣ ለዚች ልጅ ብለው!» እያለች ትለምነው ነበር። እሱ ግን ጆሮ የለውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መበርታት ጀመረ። ወይ ጉድ! ኀምስቱ አለ፣ ስድስቱ አለ። «አየሽ፣ ጾሙ ራሱ እያበረታኝ ነው» ይላታል፤ እማዬ አቀርቅራ የአጃ አጥሚቱን ታማስላለች። ያንን አጥሚት ጠዋትና ማታ በዝንጅብል አድርጋ ለእሱ ብቻ ትሠራ ነበር፤ ለእኔ መቅመስ እንኳ አልተፈቀደልኝም። አንድ ጠዋት አመድ ልደፋ ስወጣ አመዱ ውስጥ የደቀቀ ቅርፊት አየሁ። የእንቁላል ቅርፊት ነው። በጾም፣ በቄስ ቤት! ቀና ስል እማዬ ከኋላዬ ቆማለች።

«አየሽ?» አለችኝ።

«አየሁ።»

«ጣዕሙን አይለየውም። ቁርጥ አድርጌ ነው የገባሁበት፤ ኩነኔው የኔ ነው፣ የእሱ አይደለም። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ካወቀ አይሸከምም፤ ካልተሸከመ ደግሞ አይተርፍልንም።»

ትንፍሽ አላልኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ሰብዐቱ፣ ሰመንቱ ብሎ ሲቆጥር ደስታው ጠፋብኝ። በየቁጥሩ አንድ ክፉ ነገር ወደ ቤታችን አንድ እርምጃ የሚቀርብ ይመስለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሥዕሎቹን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት ደረሰ። በከተራው ሌላ ቄስ ተሸከመ፤ በማግስቱ ለመልሱ አባባ ወጣ። ጺሙ ትንሽ ትንሽ በቅሏል፤ ካባው ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ታቦቱን በራሱ ሲያደርጉለት ሕዝቡ እልል አለ፣ ደሳለኝ አለቀሰ፤ እኔና እማዬ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘን ከጎን ከጎኑ ሄድን። ሜዳውን አለፈ። ወንዙን አለፈ። ከዳገቱ ሥር ሲደርስ ቆመ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ቀጥሎ ከበሮው ተቋረጠ። ከዚያ አንዲት አሮጊት «ታቦቱ አልሄድም አለ!» ብለው ጮኹ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እንደታጨደ ገብስ አንድ ላይ መሬት ላይ ወደቀ። በአገራችን ታቦት መንገድ ላይ ከቆመ ያለ ምክንያት አይቆምም፤ አንድ በደል አለ ማለት ነው። አንድ መነኩሴ «የበደላችሁ ንስሐ ግቡ! የተጣላችሁ ታረቁ!» እያሉ ይዞሩ ጀመር። በአጥር ምክንያት ሰባት ዓመት የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶቻችን እያለቀሱ ሲተቃቀፉ አየሁ። እማዬ በግንባሯ ተደፍታ አፈሩን ጨብጣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ በእሱ አታድርገው» ትላለች፤ ከእኔ በቀር የሰማት የለም። እኔ ግን ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። ከካባው ሥር ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰው የሚጸልይ መሰለው። እኔ ያንን ከንፈር አውቀዋለሁ፤ እየቆጠረ ነበር። ስንት ላይ እንደደረሰ አላውቅም፣ ብቻ አንድ እግሩን አነሳ፣ ከዚያም ሌላውን። እልልታው ሰማይ ነካ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ተኝቶ እግሩን ሳጥበው እማዬ እስክትወጣ ጠበቀና በቀስታ አናገረኝ።

«ትርንጎ፣ ሰው ታቦቱ ቆመ ይላል። የቆምኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ አንድ እርምጃ እንኳ አልነበረኝም። እንዳልጥለው ብቻ ነበር የምለምነው።»

«ለምን ለሰው አትነግራቸውም?»

«ስንት ሰው ታርቆበት? ይቅር። ለእናትሽም እንዳትነግሪ፤ መድከሜን ካወቀች ትሞትብኛለች። አንቺ አፈ ቁጥብ ነሽ፣ አውቅሻለሁ» ብሎ መረቀኝ።

አይ እኔ! አንዱን ምሥጢር ከእናቴ፣ አንዱን ከአባቴ ተቀብዬ ተቀመጥኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚችል ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ቃል ማፍረስ የሚያስቀስፍ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ በሳምንቱ ንስሐ ገባች። የነፍስ አባቷ ትንሽ ስግደት ሰጧት፤ እሷ በላዩ ላይ የራሷን ጨመረችበት፣ ጉልበቷ እስኪላጥ ትሰግድ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ አባባ አሁንም እጾማለሁ አለ፤ እማዬም ዶሮዎቹን አንድ ሳታስቀር ሮብ ገበያ ለሚኖሩ ዘመዶቿ ሰጠቻቸው። አጥሚቱ ውኃ ውኃ አለ። አባባ ስድስቱ ላይ ቆመ፣ ከዚያ አርባዕቱ ላይ፣ ከዚያ ብረቱን ከመሬት ማላቀቅ አቃተው፤ በላዩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። አዲስ አበባ ሲሄድ ሐኪሙ ደሙን አይቶ «ወርዷል፤ በልተው በርትተው ይመለሱ» ብሎ ያለ መድኃኒት ሰደደው። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ታቦቱን አንዴ አስቆጥቼዋለሁ፤ አልደግመውም» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የአባባ ምርቃት ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት።

እብጠቱ ተመለሰ። በሆሳዕና ዕለት በሰሙነ ሕማማት ለሚሞቱ ሰዎች ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል፤ በዚያ ሳምንት ማንም ቢሞት ፍትሐት የለምና። አባባ በደሳለኝ ተደግፎ መጥቶ መቋሚያውን ተመርኩዞ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ሰማ። የሞተው ረቡዕ ነው። ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሲፈታ የኖረ ቄስ ፍትሐት ሳይደረግለት ተቀበረ፤ የራሱን ፍትሐት በእሑዱ ቆሞ ሰምቶት ነበር።

እማዬ ከዚያ በኋላ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከደጅ አትወጣም ነበር፤ ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ በሩን ዘግታ ከውስጥ ትሰግዳለች። ሰው «ሐዘኗ ነው» ይላል። አምና በጥምቀት፣ አርጅታ ዓይኗ ደክሞ ከእኔ ጋር ስትኖር፣ ከልጆቼ አንዷ «አያቴ ለምን አትወጣም?» ብላ ስትጠይቀኝ አንጀቴ አልቻለም፤ ገብቼ ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ጉልበቱ እንደነበር፣ መቁጠሩን፣ ለእሷ እንዳልነግር ማሳሰቡን። ትመርቀኛለች፣ ቀለል ይላታል ብዬ ነበር።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለች፣ «እንቁላሉን አልተውም ነበር።»

ሐኪሞች እንቁላል ካንሰር አያድንም ይላሉ፤ እኔም ለራሴ ይህንኑ እደግማለሁ፣ አንዳንድ ቀን ይበቃኛል። ያኔ ምሥጢር ጠባቂ በመሆኔ እኮራ ነበር። ዛሬ የዚያን ዕድሜ ልጅ አለችኝ፤ አንዳንዴ አንድ ነገር ሹክ ልላት እጀምርና «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለው አፌ ላይ ሲደርስ ነገሩን ራሱን እተወዋለሁ።