ሙሽራው ሜዳ የወጣ ቀን

ባለፈው እሑድ ደሴ ፒያሳ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሚዜዎቹ ሙሽራውን ከበው፣ «ዛሬ የፍጻሜ ጨዋታ ነው! በረኛዋ ጎበዝ ናት አሉ!» እያሉ ያሽካካሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቤተዘመዱ ያውቀኛላ፤ እንዲህ ላለ ነገር የእኔ ምላስ እንኳን በሠርግ በለቅሶ ቤትም አልታሰር ያለ ነው። እኔ ግን ጥብሴን ማላመጤን ቀጠልኩ። ይመር ትዝ ብሎኝ ነበር።

ይመር ኮምቦልቻ ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ፣ እኔ ተሰላፊ የምመርጥለት የኳስ ቡድናችን የክንፍ ተጫዋች ነበር። ሲሮጥ የሚያስነሣው አቧራ ደጋን ከተማ ድረስ ይታያል ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ እስከ ግማሽ መንገድ ግን በእርግጥ ይታያል።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ በወርኀ ጥር ዘይነባን አገባ። እሱ ሃያ ስድስት፣ እሷ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በእኛ አገር ደንብ ሙሽራ ጫጉላውን ሳይጨርስ ደጅ አይወጣም፤ ገንፎው በማርና በቅቤ እዚያው ይቀርብለታል፣ ሚዜ እየገባ ያጫውተዋል። አሮጊቶቹ «ከወጣ ዓይን ይበላዋል» ይላሉ። እኛ የምንፈራው ግን አፈሳውን ነበር። አፈሳው በደረሰ ሰዓት ወጣት ወንድ ደጅ ከተገኘ በመኪና ተጭኖ ወደ ጦር ግንባር የሚሄድበት ዘመን ነው። ጫጉላ ቤት የተቀመጠን ሙሽራ ግን የሰፈራችን ታጣቂም ቢሆን ደፍሮ አይነካም ነበር።

ሚዜው ነበርኩና በስድስተኛው ቀን ማለዳ ገባሁ። ይመር ገንፎውን ያጣድፋል፤ ዘይነባ ከመጋረጃው ወዲያ ናት።

«እንዴት ነው ውጤቱ?» አልኩት።

«በሜዳዬ ተሸንፌ አላውቅም» አለኝ እየሳቀ።

«እኔ የሰማሁት ግን የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ቁርጭምጭሚትህን ይዘህ እንደተቀመጥክ ነው!»

ከመጋረጃው ወዲያ የታፈነ ሳቅ መጣ። የይመር ጆሮ ቀላ። እኔ ደግሞ ከተሳቀልኝ ማቆም አላውቅም። «ዛሬ ከሰዓት ከደሴ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን። አንተን በተጠባባቂነት እንኳ አልጻፍኩህም። ጉልበትህ ቅቤ ሆኗል። በቤትህ ሜዳ ያልቻልክ ሰው፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ወርደህ ምን ልትሠራ?»

«ወላሂ እመጣለሁ!» አለ።

«ተው፣ ስቀልድ ነው» አልኩት። አሁን ሳስበው ያልኩት ይመስለኛል፤ ማለቴን ግን መማል አልችልም።

መጣ። ሜዳው በሙቀት ይነዳል። ሁለት ጎል አገባና በየጎሉ ወደ እኔ እየሮጠ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ አሳየኝ። ለእረፍቱ ሎሚ ልገዛ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ስመለስ ሜዳው በታጣቂ ተከቧል፤ ልጆቹን በጭነት መኪና ያሳፍሯቸዋል። ከቁልቋል አጥር ኋላ ተወሸቅሁ። መኪናው ሲያልፍ ይመር አየኝ። ስሜን ቢጠራ እኔም እንደምያዝ ያውቃል፤ አልጠራም። ወደ ሰማይ እያየ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሁሉ ጮኸ፦ «ለዘይነባ፣ ጨዋታው ተጨማሪ ሰዓት ገባ በሏት!»

መልእክቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ዘይነባ ኳስ አታውቅም።

«ተጨማሪ ሰዓት ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሠላሳ ደቂቃ» አልኳት።

በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ በእግሩ ወደየአገሩ ሲበተን፣ መንገድ ዳር ቆማ የአላፊውን ሁሉ ፊት ታይ ነበር። ይመር አልመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደጋን ከተማ ሌላ ሰው አግብታ ወለደች። እኔ ግን ስሸሻት ኖርኩ፤ በገበያው በአንዱ በር ስትገባ ካየኋት በሌላው እወጣለሁ።

አምና ሚኒባስ ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማምለጫ የለም። «ዘይነባ፣ ያን ቀን እኔ...» ስል አቋረጠችኝ።

«አያ፣ ያንተን ቀልድማ ሁለታችንም ሳቅንበት። ከወጣህ በኋላ ‹ልቅር መሰለኝ› ብሎ ነበር እኮ። ‹የኔ ባል ደከመው ሊባል ነው? ሂድ አሳያቸው!› ብዬ የጫማውን ክር ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ አንዱን ጥፋት ለየብቻችን ስንሸከም ኖረናል ማለት ነው።  

እናም እሑድ ዕለት፣ ያ ሁሉ ሰው አፌን ሲጠብቅ፣ ተነሥቼ የሙሽራውን ትከሻ ያዝኩ። «ልጄ፣ የፈለጉትን ይበሉህ፤ ከሚስትህ አጠገብ እንዳትነሣ» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው አንዴ ቀልደኛ ከተባለ ልመናውንም የሚያምነው የለም። የእህቴ ልጅ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።