አያ ተገኘ ትፍ ያሉበት እጄ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬም ሳልናገር ከዚህ ቤት ብወጣ ደረቴ የሚፈነዳ መሰለኝና ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹ «አሳጥረው» ብለውኛል። እሞክራለሁ፤ ግን ወገዳ ተወልዶ ላደገ ሰው ወሬ ማሳጠር ከባድ ነውና ታገሡኝ። ስሙ ይባረክ!

እስቲ ይህን ቀኝ እጄን እዩልኝ። አውራ ጣቱ አይታጠፍም። የቀረው ግን እንደምታዩት ሙሉ ነው፤ ያርሳል፣ ይቆፍራል፣ ያጎርሳል። ይህ እጅ ከክርኑ ይቆረጣል ተብሎ ነበር። አልተቆረጠም። ጌታ ይመስገን! የመጣሁት ግን ስለ እጁ ብቻ ልነግራችሁ አይደለም። ከእጁ የባሰ የታመመ ነገር ነበረኝ።

የባላገር ልጅ ነኝ። በጉርምስናዬ አዲስ አበባ ወርጄ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ቀን አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የባህል ተጫዋቾች አየሁ። ከሁሉም ኋላ አንድ ሰው ቁመቱን የሚያህል ክራር አቅፎ ተቀምጧል። አውታሮቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ሲመታቸው ድምፁ በጆሮ አይገባም፣ በሆድ ነው የሚገባ። ከፊት የሚዘፍኑትን ትቼ እሱን ብቻ ሳይ ዋልኩ። ወገዳ ስመለስ እኔም አንድ ሠራሁ። ትልቅ ገበቴ ላይ የላም ቆዳ ወጠርኩ፣ አምስት አውታር ጫንኩ። የሰፈሩ ሰው ድምፁን ሲሰማ «በሬው» ብሎ ስም አወጣለት።

ዘለቀ የሚባል ማሲንቆ መቺ ነበረ፣ ድምፁ እንደ ማር። አንድ ከበሮ መቺ ጨመርንና ሦስት ሆንን። ቅዳሜ ለገበያ ከወይዘሮ ዝናሽ ጠጅ ቤት እንጫወታለን፤ በሰርግ ወራት በየመንደሩ እንዞራለን፤ ለጃንሆይ ልደት ደግሞ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት።

እናንተ ጨዋታ ስትሉ ደስታ ይመስላችኋል። እኔ ልንገራችሁ! ያን በሬ በቅሎ ላይ ስጭነው በቅሎዋ ትደነግጣለች፤ በጀርባዬ ስሸከመው በር አያስገባም። በክረምት ቆዳው ይላላና እንደ ታመመ ልጅ እሳት ዳር አሞቀዋለሁ። ሰካራም ይደገፈዋል፣ ጠጅ ይደፋበታል። ሽልማቱ ዘለቀ ግንባር ላይ ነው የሚለጠፍ። ወደ እኔ የሚያይ የለም፤ «አንተ ደሞ እዚያ ማዶ ምን ትሠራለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ስንቱ! ግን ሽንቴ መጥቶ ወጣ ስል ዘፈኑ ይፈርሳል። እስክስታው ይቆማል፤ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይባባላሉ። ያን አውቅ ነበር። ስቆም እንደሚቆም አውቅ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ አውታሩ። ያ ወፍራም አውታር የሚሠራ ከበግ አንጀት ነው። አንጀቱን በቢላ ትፍቃለህ፣ ታጥባለህ፣ ትገምዳለህ፣ በሁለት ችካል መሀል ወጥረህ ፀሐይ ላይ ታደርቃለህ። ይህን ያስተማሩኝ አያ ተገኘ ናቸው። አያ ተገኘ ፋቂ ናቸው፤ ከገደሉ ሥር ቆዳ እያለፉ የሚኖሩ። ያን ጊዜ «አያ» አልላቸውም፤ በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው «አንተ ተገኘ» እል ነበር። ቆዳ ሊሸጡ ደሴ ወርደው ሐዲስ ኪዳን ይዘው ከተመለሱ ወዲህ ደግሞ አገሩ ሁሉ «ጸረ ማርያም» ይላቸዋል። ፋቂ ቡዳ ነው ይባል የለ? በዚያ ላይ ይኸ ተጨመረ። ዘለቀ ግጥም አውጥቶባቸዋል፤ ስለ ዓይናቸው ነው፣ እዚህ አልደግመውም። እኔ ግጥሙን አላወጣሁም። ከሥሩ ሆኜ መታሁለት።

ክራር መምታቱን ታላቅ ወንድሜ አዳነ በግድ ችሎልኛል። አንጀት መፋቄን ቢሰማ ግን ከቤተ ዘመድ ይቆርጠኝ ነበር። ስለዚህ ወንዝ ወርጄ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቄ ነው የምፍቀው። «አውታሩን ከየት አመጣኸው?» ሲሉኝ «ከጎንደር ነው» እላለሁ። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሚስቴ ትብለጥና አያ ተገኘ።

አሁን ወደ መከራው ልምጣ። ሁዳዴን ሙሉ በግ አይታረድም፣ እኛም አንጫወትም። አውታሮቼ በጾሙ አርጅተው ነበር። ፋሲካ ሲደርስ አንጀት በየደጁ ነው፤ ሰርጉ ግን ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ይጀምራል። አንድ ሳምንት ብቻ! ሰው ሁሉ ሲፈስክ እኔ ወንዝ ዳር ተደፍቼ ስፍቅ ቢላዋው አውራ ጣቴን በላኝ። በጨርቅ አሰርኩና መፋቄን ቀጠልኩ። ትብለጥ «እጅህን አሳርፈው፣ ጥሬ ነገር አታስነካው» አለችኝ። «ሰርጉን ማን ይመታልኝ?» አልኳት።

ሦስት ሰርግ በዚያ ጣት መታሁ። በሦስተኛው ክንዴ እንደ ቅል አብጦ ቀይ መስመር ወደ ብብቴ ወጣ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ፌጦ አሰሩልኝ፣ ጠበል ወሰዱኝ፣ ምንም። በመጨረሻ አዳነ «ይህ የሰው ዓይን ነው። በግጥሙ ተቀይሞ ነው፤ ተገኘ ነው የበላው» አለ። በአገራችን እንደምታውቁት በላ የተባለው ሰው ይመጣና ታማሚው ላይ ትፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ይለቀዋል ይባላል። ሄደው ጎትተው አመጧቸው።

ወንድሞቼ፣ እኔ አውቅ ነበር! ከምን እንደታመምኩ አውቅ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ሰውየው በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

አያ ተገኘ እጄን አዩት። «ይህን ቁስል አውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ በዚህ ነው የሞተ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ» አሉ።

«ከምን መጣ ነው የምትለው?» አለ አዳነ።

አያ ተገኘ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ያን ጊዜ «ከምን እንደመጣ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። አዳነ በዱላ ግንባራቸውን መታቸው። ደም ፊታቸው ላይ ወረደ። «ትፍ በልና ልቀቀው!»

«እሺ፣ ትፍ እላለሁ። ከዚያ ግን በበቅሎዬ ልውሰደው» አሉ። ሊተፉ ቢሉ አፋቸው ደርቆ እምቢ አላቸው። በሦስተኛው ነው የሆነላቸው። አዳነም «ያመጣብን እሱ ነው፣ ይውሰደው» አለ። ማንም አልተከተለን፤ ትብለጥ ብቻ ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላ መጣች።

ከወገዳ እስከዚህ እስከ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለት ቀን ነው። ግንባራቸውን በጨርቅ አስረው በቅሎዋን እየሳቡ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን አላስችል ቢለኝ «ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩ። «ያንተን ነገር እኔ ምን ብዬ ላውጣው? አንተ አፍ የለህም?» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

እዚህ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር እጄን ተጫነና ፊቱ ጠቆረ። «መርፌ እወጋሃለሁ። ነገ እስከ ቀትር ይህ መስመር ካልወረደ ግን ደብረ ታቦር ሄደህ ከክርንህ ይቆረጣል። እምቢ ካልክ ትሞታለህ» አለኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እርፍ የሚይዝ እጄ ነው፤ ልጅ እንኳ ገና አልወለድን።

በማግስቱ ረፋድ ከክሊኒኩ ግቢ ወይራ ሥር አስቀመጡኝ። ከዚህ ከናንተ መሀል ሁለት እህቶች አጥሚት ይዘው መጥተው ነበር፤ ማን እንደላካቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ጌታ ይባርካቸው። አያ ተገኘ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ጸለዩ። ያን ጸሎት እስክሞት አልረሳውም። «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ እርሻ አለው፣ ሚስት አለው፣ እጁን ይፈልገዋል። እኔም ግንባሬን አሞኛል፤ እሱ ግን ይቅደም» አሉ። ይኸው ነው! ልመናው ይኸው ነው! ሃሌ ሉያ!

ቀትር ሳይደርስ ቁስሉ ፈነዳ። ከአውራ ጣቴ የወጣውን አልነግራችሁም፣ ምሳ ያልበላችሁ አላችሁ። መስመሩ ወረደ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ድሬሰሩ «መድኃኒቱ ያዘው ማለት ነው» አለ። ከሱ ጋር አልከራከርም። መድኃኒቱም የጌታ፣ ድሬሰሩም የጌታ፣ የምስጋናውን ቦታ እኔ አውቃለሁ!

እዚያው ወይራው ሥር ተንበረከክሁና «አያ ተገኘ፣ ጌታዎን እኔም እከተላለሁ» አልኳቸው። አያና አንቱ ያልኳቸው ያን ቀን ነው። እሳቸው ግን አቅፈው የሚስሙኝ መስሎኝ ስጠብቅ «ወገዳ ስትመለስ ምን ልትል ነው?» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ።

ተመለስን። ቅዳሜ ነበረ፣ ገበያው ሞልቷል። ወሬው ከፊታችን ደርሷል፤ ምን ተብሎ ይመስላችኋል? «ተገኘ ተፋበት፣ ዳነ! ቡዳ መሆኑ አሁን ተረጋገጠ!» ጌታ የሠራው ሥራ በባሪያው ላይ ማስረጃ ሆነ! እነ አዳነ ተማክረው የአያ ተገኘን ጎጆ ሊያቃጥሉ፣ ክረምት ሳይገባ ከአገር ሊያስወጧቸው ቆርጠዋል።

እኔን ግን በእልልታ ነው ወይዘሮ ዝናሽ ቤት ያስገቡኝ። በሬውን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ዘለቀ ማሲንቆውን ገዝግዞ ያንኑ የዓይን ግጥም አነሣ፣ አዲስ ስንኝ ጨምሮበት። አውራ ጣቴ ስለማይታጠፍ በሌባ ጣቴ ጀመርኩ። አዎ፣ መታሁ! ድኜ፣ አምኜ፣ ተንበርክኬ መጥቼ መታሁለት። ሁለት ዙር መታሁ። ይህን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል።

ትብለጥ በሩ ላይ ቆማለች። «ይመር፣ አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ» አለችኝ፣ ቤቱ እየሰማ።

እጄን አነሣሁ። ዘፈኑ ፈረሰ። ከበሮው ሁለት ጊዜ ብቻውን መታና ቆመ። «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» አሉ። ተነሣሁ።

«ይህ አውታር ከጎንደር አልመጣም። የበግ አንጀት ነው፣ የፋቅሁት እኔ ነኝ። ስፍቅ ቢላ ቆረጠኝ፣ በዚያ ታመምኩ። አያ ተገኘ አልበሉኝም። ስትደበድቧቸው ያውቁ ነበር፣ እኔን ላለማዋረድ ብለው ዝም አሉ። ፋቂ ቡዳ ከሆነ እኔም ቡዳ ነኝ፤ የኔንም ቤት አቃጥሉት» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ብርሌያቸውን አስቀምጠው ወጡ። አዳነ ተነሣ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ አንድ ልጅ ነው የወለደች» ብሎ ወጣ። እስከ ዛሬ አላነጋገረኝም። ስለ እሱ ጸልዩልኝ፤ ይህን የምለምናችሁ ከልቤ ነው፣ ወንድሜን እወደዋለሁ።

ጎጇቸውን ያቃጠለ የለም። ጌታ ይክበር! ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሰርግ የጠራኝ የለም፣ ከአያ ተገኘም ቆዳ የገዛ የለም። ስለዚህ ሦስታችንም፣ እሳቸውና ትብለጥና እኔ፣ ወደዚህ ወደ መካነ ኢየሱስ መጣን። አሁን አብሬያቸው ቆዳ አለፋለሁ። ደጃችን ላይ ነው የምንፍቀው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየን። ትናንት ገበያ መሀል አንድ ልጅ እግር «አንተ ፋቂ!» ብሎ ጠራኝ። «አቤት!» አልኩት። ወንድሞቼ፣ ያን «አቤት» ስል የተሰማኝን ደስታ በየትኛውም ሰርግ አላገኘሁትም።

እኔ እጄን እንዲያድንልኝ ለመንኩት፤ እሱ አፌን ፈታው። ከናንተ መሀል እሱ ዝም ብሎ ሌላ ሰው የሚመታለት ካለ፣ ዛሬ ይነሣ። ሰው ይጸየፍህ ይሆናል፤ ወንድምህም ጥሎህ ይወጣ ይሆናል። ጌታ ግን አይወጣም። እመኑት፣ እኔ አይቼዋለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን፣ አሜን!