ቁልፉ ምሳ ሲወጣ

በዚያ የገጠር ፖሊስ ጣቢያ የእስረኛ ክፍሉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር። እሱም በሃምሳ አለቃው ቀበቶ ላይ ይውላል። ሁለተኛው ቁልፍ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሃምሳ አለቃው ምሳውን ሊበላ ቤቱ ይሄዳል፣ ቁልፉም አብሮት ምሳ ይወጣል። ሌላው ፖሊስ ቀኑን ሙሉ በየመንደሩ ሲዞር ነው የሚውለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እስረኞቹ ቢታመሙ፣ ቢፈነካከቱ፣ እሳት ቢነሳ፣ በሩን የሚከፍት ሰው የለም። ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር በግቢው ድርሽ የሚልም የለም።

ሁሉም «እማማ» ነው የሚሏት። እዚያ ጣቢያ ስትጠርግ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ብታቋርጥም ማንበብ አልጠፋባትም። እንዲያውም ጣቢያው ውስጥ ያልተነበበ ወረቀት ካለ፣ እሷ ያልወለወለችው ጠረጴዛ ላይ ያለ ነው።

የእስረኛ ክፍሉ ከቢሮው ጀርባ ነው። ለሦስት ሰው ተሠርቶ አምስትም ስምንትም ይታጎርበታል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩም ቆርቆሮ። አንዲት መስኮት ነበረችው፤ አንድ ቀጭን ሌባ ሾልኮ ስላመለጠባት በብሎኬት ደፈኗት። አሁን አየር የሚገባው በሩ ላይ ባለች መዳፍ በምታክል ቀዳዳ ነው። ለሽንት የሚቀመጥላቸውን ባልዲ ጠዋት ጠዋት እማማ ትደፋዋለች። ሰው እስኪፈረድበት ይቆይበት የተባለ ቤት ነው እንጂ ይሙትበት የተባለ አይደለም። እሷም ዝም አላለችም።

«አለቃ፣ ይሄ ቤት ሰው ያፍናል» ብላው ነበር፣ ሦስት ጊዜ።

«ሆቴል መሰለሽ እንዴ? አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ።»

መጥረጊያዋን ያዘች። ምን ታድርግ።

ልብስ ሰፊው የገባው ማክሰኞ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተጣልቶ። አስም አለበት። በአፉ የሚስበውን መድኃኒት ገና በር ላይ ተቀበሉት። «ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ በሃምሳ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። የመሳቢያው ቁልፍም እዚያው ቀበቶ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ሃምሳ አለቃው ምሳ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው፣ እማማ ጓሮ ጨርቅ ስታሰጣ የእስረኛ ክፍሉ በር ተደበደበ።

«እማማ፣ ሰውዬው እያለቀ ነው» አለ በቀዳዳዋ አንድ ወዛደር። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። «ቀልድ እንዳይመስልዎት፣ የምሬን ነው።»

ጎንበስ ብላ አየች። ልብስ ሰፊው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ደረቱ ያፏጫል። እስከ ሃምሳ አለቃው ቤት ደርሶ መመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰውዬው አንድ ሰዓት የለውም። እማማ ብዙም አላሰበችም፤ ከዕቃ ቤት ዲጂኖ አመጣች። ጓጉንቸሩ በአራተኛው ምት ተገነጠለ። የቀሩት አራት እስረኞች ልብስ ሰፊውን ተሸክመው ጥላ ሥር አወጡት። እሷ በዚያው ዲጂኖ መሳቢያውን ፈልቅቃ መድኃኒቱን አመጣችለት። አንዴ ሳበ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ዓይኑን ገለጠ። ሰባት ሰዓት ላይ በመንገድ ሲያልፍ የለመነችው ባለጋሪ ጭኖት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ለአራቱ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶላቸው ነበር። አንዳቸውም አልሄዱም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃው ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። አራቱ ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ማን አባቱ ነው ያወጣችሁ?»

«እኛማ የትም አልወጣን አለቃ» አለ ወዛደሩ። «የወጣው በሩ ነው።»

ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። ወደ እማማ ዞረ። «ልብስ ሰፊው ዘመድሽ ነው፣ አይደል? ልታስመልጪው ነው የሰበርሽው።»

«የልጄን ዩኒፎርም ሰፍቷል። እሱም እጅጌው አጥሮ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ከዋናው ጣቢያ መርማሪ መጣ። ሃምሳ አለቃው፣ ያ ዓይኑን በጨው ያጠበ፣ ሁሉን ጽፎ ጠብቆታል፦ የጽዳት ሠራተኛዋ እስረኛ ለማስመለጥ ብላ ሁለት የመንግሥት ንብረት ሰብራለች። የቀረው የእማማ ፊርማ ነው። ከፈረመች ሥራዋም ቀረ፣ እሷም መስኮት የሌለው ቤት ልትገባ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የደፋችው ባልዲ ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

«ይፈርሙ እንጂ እናቴ» አለ መርማሪው። ወጣት ነው፣ ቸኩሏል። «የተረኛ መዝገቡን አይቼዋለሁ። በየሰዓቱ ታይተዋል፣ ሁሉም ደህና ነበሩ። በር የሚያሰብር ነገር አልነበረም።»

መዝገቡን እማማ አሳምራ ታውቀዋለች። ተረኛው እስረኞቹን በየሰዓቱ አይቶ ብዛታቸውንና ደህንነታቸውን እንዲጽፍበት የተሰጠ ነው። ሃምሳ አለቃው ግን ጠዋት ሻዩን እየጠጣ የቀኑን በሙሉ ሞልቶ ይገላገላል። ጠረጴዛውን ስትወለውል ገና ያልደረሰውን ሰዓት ስንቴ አንብባለች። መልሶ አንብቦት የማያውቅ ራሱ የሚጽፈው ሰው ብቻ ነው።

«የትናንቱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ስንት ሰው ይላል?» አለች።

መርማሪው ገለጠ። «አምስት። ሁሉም ደህና።»

«አሥራ አንድ ሰዓትስ?»

«አምስት ነው። ምን ፈለጉ?»

«አምስተኛው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጤና ጣቢያ ነው። አሁንም እዚያ ነው የተኛው፣ ሄደው ይጠይቁት። እዚህ የተቆጠረው ማን ነው?»

መርማሪው ገጹን ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሃምሳ አለቃውን አየው። ሃምሳ አለቃው ጫማውን አየ።

«የዛሬውንም ይዩት» አለች እማማ። «ገና አራት ሰዓት ነው። እስረኞቹ ግን መዝገቡ ላይ እስከ ማታ ደህና ናቸው።»

መርማሪው የዛሬውን ገጽ አየ። ያልተፈረመውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሄደ።

ሃምሳ አለቃው ይባረራል ብሎ የጠበቀ ካለ ይጠብቅ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠው አሉ። መስኮቷም እንደተደፈነች ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አዲስ ጓጉንቸር ከነሦስት ቁልፉ መጣ። ሃምሳ አለቃው ሦስቱንም በአንድ ቀለበት ሰክቶ ቀበቶው ላይ አንጠለጠላቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ ሊወጣ ተነሳ። እማማ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«አንዷን።»

«የመንግሥት ቁልፍ ለጽዳት አይሰጥም።»

«ዲጂኖውም የመንግሥት ነው። ዕቃ ቤት አለ። ዕቃ ቤቱ ደግሞ አይቆለፍም።»

ሃምሳ አለቃው ወደ ዕቃ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ቀለበቱን በጥፍሩ ፈልቅቆ አንዷን አወጣና መዳፏ ላይ ጣለላት። ቀና ብሎ ሳያያት ወጣ።

እማማ ቁልፏን ከመጥረጊያው በላይ ያለች ሚስማር ላይ ሰቀለቻት። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ባልዲውን ልትደፋ ሄደች።