ራሴን እንድፈትሽ ተጠቆምሁ

የአስረኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ዕለት ጠዋት... ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ የምሠራባት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነኝ። እኔ አስረኛን ቀደም ብዬ ስለወደቅሁ ምንም አላስቸኮለኝም።

የቸኮሉት ጋሽ ዘውዱ ናቸው። ከአምበር በመጀመሪያው መኪና መጥተው፣ የልጃቸው የፈተና ቁጥር ያለባትን ብጣሽ ወረቀት ይዘው ፊቴ ተቀምጠዋል። ለልጅቱ ሽማግሌ ተልኮባታል። እሳቸውም «ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች እንነጋገራለን» ብለው መልሰዋቸው፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬ ማታ ቁርጡን ሊሰሙ ይመጣሉ።

ገጹ ግን አይከፈትም። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች... ትዞራለች...

ኢንተርኔቱ ከላይኛው ሰፈር ካለው ዋናው ሱቃችን በአየር ነው የሚመጣልን፣ ጣሪያችን ላይ ባለች ሳህን በምታክል አንቴና። ፊት ለፊታችን ኢንተርኔት ቤት ያለው ጓደኛዬ ይሁኔም እንደዚያው ዓይነት አለችው። ለዚች አንቴና ፈቃድ የሚጠይቅህ የለም፤ ሕጉ ከተፈቀደው ኃይል በላይ አትልቀቅ ብቻ ነው። ሴቲንጓ «የት አገር ነህ?» ብላ ትጠይቅህና በዚያ አገር ሕግ ልክ ትለቃለች። ይሁኔ ታዲያ ጉልበት እንዲጨምርለት ብሎ፣ ሕጓ የላላ፣ ስሟን በቅጡ የማይጠራት አንዲት ደሴት ላይ ነኝ ብሎ ሞልቷል። አባይን ተሻግሮ የማያውቅ ልጅ እኮ ነው!

መቀመጥ ሲሰለቸኝ ነገር መፈለግ አመሌ ነው። ይሁኔ የማያውቀውን ሲም አስገባሁ፣ ድምፄን አወፈርሁ፣ አነጋገሬን የአዲስ አበባ አደረግሁና ደወልሁለት።

«ከሞገድ ቁጥጥር ነው። አንቴናህ ከሚፈቀደው በላይ ኃይል እየለቀቀ ነው። ለመሆኑ የት አገር ነው ያለኸው?»

በቀጭን ድምፅ፣ «ማርቆስ ነኝ ጌታዬ» አለ።

«አንቴናህ ደሴት ላይ ነኝ እያለ ነው።»

ስልኩ ጠረቅ። በመስኮት ሳይ ወደ ኮምፒውተሩ እየሮጠ ወንበር ጣለ። እኔ ሳቄን ለማፈን ጠረጴዛ ሥር ገብቻለሁ። ብቅ ስል ጋሽ ዘውዱ አፍጥጠው እያዩኝ ነው።

«አንተ ልጅ፣ መንግሥት ነህ እንዴ?»

ሳልመልስላቸው ያ ሳምንት ሙሉ ሲንቀራፈፍ የከረመው ኢንተርኔት ተንቀሳቀሰ። ገጹ እስከ ግማሽ ተከፈተ! በውሸት የከሰስሁት ልጅ ለካ በእውነት ሲያፍነን ከርሟል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔቱን ያደከመው ዝናቡ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ዝናቡን ስረግም...

ቁጥሯን አስገባሁ። ክቧ እንደገና መዞር ጀመረች። ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ይሁኔ ነው። ድምፄን ቶሎ መልሼ አወፈርሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ አስተካክያለሁ። ግን ከኔ የባሰ አለ። ፊት ለፊቴ ያለው ልጅ እስከ ጥጉ ከፍቶ ነው የሚለቀው። እሱንም ፈትሹልኝ።»

እኔን ነው። «በምን አወቅህ?» ስለው፣

«ያቺን ደሴት ያሳየኝ እሱ ነው» አይለኝም?

...እውነቱን ነው። እኔ ነኝ ያሳየሁት።

የኔ ስልክ ሲያወራ ጎረቤት ይሰማል። ጋሽ ዘውዱም አንድ ቃል አላመለጣቸውም። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው፣ «ታዲያ ፈትሸዋ» አሉኝ ረጋ ብለው።

ምን አደርጋለሁ... ሴቲንጉን ከፈትሁና ከደሴቴ ወደ አገሬ ገባሁ። አንቴናዋ ጠፍታ በራች። ሲግናሏ አንድ መስመር ቀነሰች፤ ገጹ ግን ፏ ብሎ ተከፈተ! ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ በአንቴናዬ ስጮህ ይሁኔ የራሱን አይሰማም፤ ስለማይሰማ ያንኑ ደጋግሞ ይልካል፤ በዚያ ድግግሞሹ ደግሞ እኔን ይደፍነኛል። ሁለታችን ዝቅ ስንል ሁለታችንም ሰማን።

ልጅቱ አልፋለች። ያውም አንጀት በሚያርስ ውጤት!

ጋሽ ዘውዱ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ቁጥሩን ከወረቀታቸው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። ያተምሁላቸውን አጣጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱና እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። አንድ የስልክ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ ቁጥር ነው።

«ደውልና ልጅቱ አልፋለች፣ እንዳትመጡ በልልኝ። በዚያ በወፍራሙ ድምፅህ።»

ደወልሁ። አልመጡም።

ይሁኔ፣ ይችን ስታነብ እንዳትናደድ... ወደ ደሴትህም እንዳትመለስ፣ ቁጥጥሩ አሁንም ፊት ለፊትህ ነው።