ብረቱ እስኪበርድ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ፋሲካ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። አውቃለሁ ባይነቴ ያመጣብኝ ነገር ስለሆነ ለሰው ማውራት ያሳፍረኛል። ዝም ስለውም አላስተኛ ብሎኛል።

የምሠራው እዚሁ ናታንያ ከተማ፣ ሳፒር በሚባለው የኢንዱስትሪ ቀጠና ነው። የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። መኪናው ገና በሩ ላይ ሳለ የሞተሩን በሽታ ከድምፁ እናገራለሁ። ሰው ስለዚህ ሲያሞግሰኝ ችሎታው ለሰው ድምፅም የሚሠራ መሰለኝ።

ያን ጠዋት ሞሼ የሚባል፣ ከቴል ሞንድ አበባ የሚያመላልስ ደንበኛዬ መኪናውን አስጎትቶ መጣ። የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የላስቲክ ቀበቶ፣ የሚዞርበት መዘውር፣ ፑሌጃው፣ ከነመቀመጫው ተገንጥሏል። የመቀመጫው አንድ የብሎን ጆሮ ተሰብሯል፤ ብሎኑም ተቆርጦ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። አዲስ ዕቃ የሚገኘው ከበዓል በኋላ ስለሆነ እበይድልሃለሁ አልኩት።

የቀረውን ብሎን በስንት መከራ አውጥቼ መቀመጫውን በእሳት ማሞቅ ስጀምር ስልኬ ጮኸ። እህቴ ዝናሽ ናት። አባታችን የሚኖረው ከእሷ ጋር ነበር።

«ደሴ፣ አትደንግጥ እንጂ አባ ትንሽ ደከም ብሎታል። ቤት ሆሊም ይዘነው መጥተናል። ሥራህን ያዝ አድርገህ ና።»

ቤት ሆሊም የምትለው ሆስፒታሉን ነው። ከእሱ ጋር አገናኚኝ አልኳት። ሮፌው፣ ሐኪሙ ማለቷ ነው፣ እያየው ነው አለችኝ። ምን እየሠራህ ነው ስትለኝ የተሰበረ ብረት እየበየድኩ ነው ብያት ዘጋሁት።

አባቴ ሞቷል አልኩ። አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል፣ ና» ይባላል፤ ስትደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይጠብቁሃል፤ መርዶውን የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ «ትንሽ አሟታል» ሲሉኝ አምኜ እርጎና ሙዝ ገዝቼ ሮጥኩ። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሲያረዱኝ ከረጢቱ እጄ ላይ ነበር። ሁለተኛ አልታለልም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ሌላ ዘመድ ደውሎ እንዲዋሸኝ አልፈለግሁም። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሞሼ ደንግጦ ምን ሆንክ አለኝ። አባቴ ሞተ አልኩት።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? መኪናው ገደል ይግባ፣ ተነሥ» አለኝ በዕብራይስጥ።

እኔ ግን ወጋችንን አስረዳው ጀመር። ሽማግሌዎቹ ሳይሰበሰቡ ብደርስባቸው ይጨነቃሉ፣ ዘመዶቻችን የሚመጡት ከሩቅ፣ ከአፉላ ነው፣ ቀብሩ ከሰዓት በፊት አይሆንም፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ለሐዘን እቀመጣለሁና መኪናህ ቆሞ ይቀራል አልኩት። ምንም አልገባውም።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አባቴ ጎንደር ሳለ ቀጥቃጭ ነበር። ጎረቤቱ ቡዳ ነው እያለ ይሸሸዋል፤ ማረሻው ሲሰበር ግን ማልዶ ደጁ ይቆማል። ብረት ከእሳት ሲወጣ ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀብርና «ከቸኮልክበት ይሰነጠቃል፣ ተቀመጥ» ይለኝ ነበር። እኔም መቀመጫውን በይጄ፣ አመድ ስለሌለኝ የሞቀ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። ለአባቴ የምሰጠው የመጨረሻ ክብር ይህ ነው ብዬ፣ አጠገቡ ተቀምጬ እያለቀስኩ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየሁ።

ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል ማለት ነው አልኩ እንጂ አላነሣሁትም።

ብረቱ ሲበርድ ገጠምኩት። ፑሌጃውን አሰርኩ፤ ቺንጋውን ወጠርኩ፤ ሞተሩን አስነሣሁት። ድምፁ ጥሩ ነበር። እጄን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አንድም ሽማግሌ የለም። ውስጥ ስገባ ዝናሽ ብቻዋን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የአባን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛለች።

«አሁን እኮ ነው ያረፈው፣ ደሴ» አለችኝ። «ግማሽ ሰዓት አልሆነውም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እህቴ አልዋሸችኝም ነበር። ስትደውል አባቴ በእርግጥ ደክሞት ነበር፤ ሮፌውም በእርግጥ እያየው ነበር።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ ደሴ የት አለ ብሎ ጠይቋት የተሰበረ ብረት እየበየደ ነው አለችው። ይሄኔ ደስ ብሎት ፈገግ አለ። «እንዳይቸኩል ንገሪው» አላት። «ብረቱ ይብረድለት። እጠብቀዋለሁ።»

ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ሳለ መጀመሪያ የደወለችው ይህንኑ ልትነግረኝ ነበር። ሁለተኛው ጥሪ ሲብስበት ነው።

ሞሼ ለቅሶ ሊደርሰን መጣ፤ ጥግ ይዞ ትንሽ ተቀምጦ ሄደ። ዝናሽ እስከ ዛሬ አትደንግጥ ማለት አልነበረብኝም እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላት አትሰማኝም። ለልጆቼ አንድ ነገር አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ ስታመም ታሟል በሉ፣ ስሞት ሞቷል በሉ፣ ወጉ ይቅርባችሁ ብያለሁ። አሁን ስልክ ሲጮኽ በእጄ የያዝኩትን ጥዬ ነው የማነሣው።

በቅርቡ ሞሼ ዘይት ሊያስቀይር መጣ። የሞተሩን መከደኛ ከፍቼ የበየድኩትን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት። የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ የለውም። ከመኪናው ኋላ ሄጄ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አባ እንዳለው፣ ሳልቸኩል ነበር የሠራሁት።