አባዬ ወኔቷን እምቢ ያሰኛት ጠዋት

ልጅ እያለሁ፣ ኩዌት፣ ሪቃይ ሰፈር ውስጥ ከምንኖርባት ክፍል ደጃፍ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ትቆም ነበር፤ እዚህ አገር ወኔት ይሏታል። አባዬ የአንድ ኩዌቲ ቤተሰብ ሾፌር ነበር። ባባ የሚለው አሠሪው አዲስ መኪና ሲገዛ «ውሰዳት» ብሎ ሰጠው። ባለ ካርቡሬተር ናት፤ ብርድ አትወድም። የኩዌት ብርድ ሲባል ያላየው ይስቃል እንጂ፣ የጥር ማለዳ ንፋስ አጥንት ይሰረስራል።

አባዬ አነሳሷን እንደ ጸሎት ነው ያስጠናኝ። መጀመሪያ ቾኩን መሳብ፤ አየሩ ቀንሶ ቤንዚኑ እንዲበዛ። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን ሁለቴ ረገጥ አድርጎ፣ እግር አንስቶ ቁልፍ ማዞር። «ሦስተኛ ከረገጥሽ ቤንዚን ይሞላታል። ካንዴላዋ ይረጥብና እሳት አይሰጥም፤ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው» ይለኝ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ይህን ግን ከማባዣ ሠንጠረዥ አስበልጬ አውቀው ነበር።

አንድ ቀን ማታ ከአገር ቤት ተደወለለትና አያቴ፣ የእማዬ እናት፣ ማረፏን ሰማ። ለእማዬ ትንፍሽ አላለም። መርዶ እንዴት ለብቻ ይነገራል! ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚያረዱት። የጸሎት ኅብረታችን ሰዎች በማለዳ ሊመጡ ተቀጣጥረው ነበር፤ በአውቶቡስ ስለሚመጡ ዘገዩ። እማዬ ደግሞ ሚርቃብ ሰፈር፣ ማዳም የምትላት አሠሪዋ ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሐበሾች ወሬውን ቀድመው ሰምተዋል። እዚያ ከደረሰች አንዷ አፏ አያርፍም፤ እማዬም የእናቷን ሞት ደንበኛ መሃል ቆማ ልትሰማ ነው። አባዬን ያስጨነቀው ይሄ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው።

በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጠዋት እማዬን ሥራ ለማድረስ ሦስታችንም ወኔቷ ውስጥ ገባን፤ አባዬ ቾኩን ሳበ። ረገጠ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣ እንዲያውም ሰባት ጊዜ። ሞተሯ አቃስታ ዝም አለች። የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

«አባዬ፣ ሁለቴ ብቻ አላልክም?» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!»

ከዚያ በፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ። እሱ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ መፍታት፣ መጥረግ፣ መልሶ ማጥበቅ ጀመረ። በየመሃሉ ቀና እያለ መንገዱን ያያል።

«ምን ነካህ ዛሬ? ማዳም እኮ ትጮህብኛለች! ተወው፣ ታክሲ እይዛለሁ» አለች እማዬ፣ ቦርሳዋን አንስታ እየወረደች።

«ስሞትልሽ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«አይ አንተ! በዚች ቆርቆሮ ስንቴ ትሞትልኛለህ?» ብላ ሳቀች። ግን ቆመችለት።

ወዲያው የጸሎት ኅብረታችን ሰዎች፣ እነ እትዬ ዘነበች፣ ከመንገዱ ማዕዘን ብቅ አሉ፤ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፣ ጥቁር ለብሰዋል። እማዬ እነሱን አየች፤ ዞራ አባዬን አየች። «እናቴ ናት?» ብቻ ነው ያለችው። እትዬ ዘነበች መሬት ሳትደርስ አፈፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ሌሎቹም ዙሪያዋን ከበቡ። አባዬ ቤንዚን የነካ እጁን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ወኔቷን እስከ ቀትር ማንም አልነካትም።

ዛሬ አባዬ የለም። እማዬ ግን ያንኑ ሥራ ትሠራለች፤ የማደርሳት እኔ ነኝ። የእኔ መኪና በረደኝ ሞቀኝ አታውቅም፣ በጣት ነካ ሲያደርጓት ትነሳለች። ባለፈው ጥር አጎቴ፣ ለእማዬ አንድ የቀራት ወንድሟ፣ ባረፈ ማግስት እኔም ምንም ሳልሰማ በሰዓቷ አደረስኳት። «ተባረኪ ልጄ» ብላኝ ወረደች። ሞቱን ስልኳ ላይ ነው ያነበበችው፤ የደንበኛ ፀጉር በአንድ እጇ እንደያዘች። ማዳም ደንበኛዋን እንድትጨርስላት ጠየቀቻት። ጨረሰችላት።