ከሰባት ቤት በፊት

በደርግ ጊዜ ሥራዬ ከአፋር የሚመጣ፣ ድንጋይ የሆነ የጥንት ሰው አጥንት ሙዚየም ውስጥ ቁጭ ብሎ በብሩሽ ማጽዳት ነበር። ባለቤቴን ያገኘኋት ደግሞ ነፋስ ስልክ፣ አባቷ ሱቅ ሳሙና ስገዛ ነው። ካየኋት ወዲህ ሳሙና ቶሎ ቶሎ ያልቅብኝ ጀመር።

ሽማግሌ ላክሁ። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌለን ከተረጋገጠ በኋላ፣ ነገሩ ሊያልቅ ሲል አጎቴ እኔን ማሞገስ አማረው። «የተማረ ይግደለኝ የሚባለው ለእሱ ነው! የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ ግንድ መምጣቱን የሚያጠና ልጅ ነው» አለ።

አባትየው ብድግ አሉ። «ከአንድ ግንድ ከሆኑማ ዘመዳሞች ናቸው። ልጄን ለዘመዷ አልድርም!»

ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አጎቴን ሳምንቱን ሙሉ ዓይኑን ማየት አልፈለግሁም። ልጅቷን ካጣሁ ሌላ እንደማላገባ ያወቅሁትም ያኔ ነው። ስለዚህ ደንቡ ባይሆንም ራሴ ሱቁ ሄድኩ።

«አባባ፣ የእኔና የእሷ ዝምድና ሰባት ቤት ሳይሆን ሺህ በሺህ ቤት ያለፈ ነው» አልኳቸው። ከአፋር ስለሚመጣው የጥንት ሰው አጥንትም ነገርኳቸው።

«አፋርን ጨው ላመጣ ሄጄ አውቀዋለሁ። በዚያ በረሃ ሰው ምን በልቶ ኖረ?»

«ያኔ ሐይቅና ዛፍ ነበረው። ዝናቡ እየራቀ ሲመጣ ዛፉ ሳሳ፣ ሣሩ በዛ። እነሱም የሚበሉትን ለወጡ፣ ውሃ ወዳለበትም ሄዱ።»

አባትየው የያዙትን የሚዛን ድንጋይ አስቀመጡ። ልጅ ሳሉ ዝናብ ቀርቶ ቤተሰባቸው እንደተበተነ ከልጃቸው ሰምቼ ነበር።

«ሲሄዱ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁሉም በየፊናው ነው የሄደው?»

አሳዘኑኝ። ዋሽቼ ላስደስታቸው ግን አልፈለግሁም።

«የሁሉንም አላውቅም። ታንዛኒያ ውስጥ ግን የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የቀረ የመሰሎቻቸው የእግር ዱካ ተገኝቷል። ጎን ለጎን ነው።»

«ጎን ለጎን?»

«ጎን ለጎን።»

የሚዛኑን ድንጋይ መልሰው አነሱና «ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ» አሉኝ። «ያን አጎትህን ግን እቤቱ ተወው።»

ከሠርጋችን በኋላ በክረምት አንድ እሑድ ሦስታችን ከብስራተ ገብርኤል ስንመለስ አማቴ ወደኋላ ቀሩ። የደከማቸው መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ አጎንብሰው ጭቃውን ያያሉ።

«ሂዱ፣ አትጠብቁኝ» አሉ። «ዱካችሁን እያየሁ እመጣለሁ።»